ትንሿ ጣት አትዋሽም

ልብስ ሰፊው ከጥቂት ወራት ወዲህ ቁጭ ማለት ተስኖት ነበር። የልብስ ሰፊ ነገር ደግሞ ይታወቃል፤ እንጀራው ያለው ቁጭ ብሎ ነው። እሱ ግን ሁለት ቁልፍ ሰፍቶ ይነሳል፣ በሩን ከፍቶ መንገዱን ያያል፣ ማንም ሳይጠራው "መጣሁ" ይላል፣ ተመልሶ ይቀመጣል፣ መቀሱ ፊቱ ተጋድሞ መቀስ ይፈልጋል። ባለቤቱ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል፣ "አንተ ሰው፣ ወንበርህ ላይ መርፌ ረስቼብህ ይሆን?" ትለዋለች።

"ወገቤን ነው" ይላል።

ወገቡ ምንም አልሆነም። ጉዱ ያለው የግራ እጁ ትንሿ ጣት ላይ ነበር።

የጣቷን ነገር ለመረዳት መጀመሪያ ሰውየውን ማወቅ ይበጃል። ሰፈሩ "ጣቴ" ነው የሚለው፤ እኩዮቹ "ጣቴ"፣ ታናናሾቹ "ጋሽ ጣቴ"። ሙያውን ያስተማሩት ሽማግሌ፣ "ሌሎቹን ጣቶች መርፌ ወግቷቸዋል፣ መቀስ አደንድኗቸዋል፣ ካውያ ለብልቧቸዋል። ትንሿ ግን ሥራ ፈት ናት፣ ቆዳዋ እንደ ሕፃን ነው። ጨርቅ ሲያጠራጥርህ እሷን ጠይቃት። ትንሿ ጣት አትዋሽም" ይሉት ነበር። እሱም ይህችን ምክር ይዞ ስሙን ተከለ። ደንበኞች ዓይኑን ጨፍኖ እንዲለይላቸው ከጠረጴዛው ሥር ቁራጭ ጨርቅ ያቀብሉታል፤ እሱ በትንሿ ጣቱ ዳሰስ ያደርግና፣ "ይሄ ሱፍ አይደለም፣ ሱፍ ነኝ ባይ ነው" ይላል። ሻጩ ቢምልም ቢገዘትም፣ "ጣቴን ጠይቁ" ብሎ ይዘጋዋል። ቅጽል ስሙ ከዚያ መጣ።

ከዚያ ሥጋ ደዌ መጣበት። ጀርባው ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ነጣ ያለ ነገር ወጣ፣ ቆንጥጠው ቢይዙት የማይሰማ፤ ቋቁቻ ነው ብሎ ሲቀባባው ከርሞ በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ሄደ። ዓመት ሙሉ ኪኒኑን ዋጠ። ከኪኒኑ የተነሳ ፊቱ ከሰል መሰለ፣ ሽንቱ ቀላ፣ አንድም ቀን ግን አላቋረጠም፤ በዚህ በኩል ሐሜት የለበትም። ያን ዓመት የሚስቱ ወንድም፣ አናጢው፣ እህቱን ሊጠይቅ ሲመጣ ከደጃፉ አያልፍም ነበር። "ቸኩያለሁ" ይላል፤ የሚቸኩልበት ነገር ግን አልነበረውም። ሕክምናው አልቆ "ጨርሷል" የሚል ወረቀት በእጁ ሲገባ ጣቴ ወረቀቱን ለአማቹ ሰጠው። አናጢው ሁለቴ አነበበው፣ ገባ፣ ተቀመጠ፣ ከዚያ ጣቴ ጠጥቶ ያስተረፈውን ግማሽ ብርጭቆ ውሃ አንስቶ ጭልጥ አደረገው። ጣቴ ከወረቀቱ ይልቅ ያቺን ግማሽ ብርጭቆ አመነ። በየሄደበት ያስባት ነበር።

ታዲያ ወረቀቷ የተገኘችው በማጭበርበር ነበር። ይህን የሚያውቀው እሱና ፈጣሪው ብቻ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስታክመው የከረመችው የጤና ጣቢያው ሲስተር በመጨረሻው ቀን እንደ ወትሮዋ የእጅ መፈተሻዋን አጭር የናይለን ክር አወጣች። ዓይን አስጨፍና የክሩን ጫፍ በጣቶችና በመዳፍ ላይ ጎበጥ እስኪል ትጫነዋለች፤ የተሰማው ሰው "እዚህ" ይላል። ጣቴ መጀመሪያ ሰሞን በዚህ ነገር ስቆ ነበር፤ ዕድሜ ልኩን ሰውን በሜትር ሲለካ ኖሮ አሁን እሱ በክር ይለካ! በዚያች ቀን ግን አልሳቀም። ሳምንት ያህል ትንሿ ጣቱ ጓንት ያጠለቀች ይመስል ነገሩ ሁሉ ይሸሻት ነበር። ብናገር ወረቀቱን ትከለክለኛለች ብሎ ፈራ። ዓይኑን ጨፈነ፣ ጆሮውን ከፈተ። የሲስተሯ ወንበር አንድ እግሩ የላላ ነው፤ ወደ ፊት ዘንበል ባለች ቁጥር "ሲጥ" ይላል። ከአውራ ጣት ጀምራ ወደ ትንሿ እንደምትሄድም ዓመት ሙሉ ሸምድዶታል። ሲጥ ሲል "እዚህ"፣ ሲጥ ሲል "እዚህ"። አንድም አልሳተም። ሲስተሯም ደስ ብሏት ካርዱ ላይ "ሁሉም ይሰማዋል" ብላ ጻፈች።

"ኪኒኑ አለቀ ማለት ነገሩ ሁሉ አለቀ ማለት አይደለም" አለችው ስትሸኘው። "ከዚህ በኋላም ነርቭ ሊታመም ይችላል። መደንዘዝ፣ ሕመም፣ የእጅ መዛል ካየህ በዚያው ቀን ና። ነገ ሳትል።"

"እሺ ሲስተር" አለ። እሺ ማለት አያደክም።

ይኸው አምስት ወር ሆነው። ትንሿ ጣት ከናካቴው ደነዘዘች፣ ጎረቤቷንም አስከተለች። የግራ ክርኑ የጠረጴዛ ጠርዝ ከነካ ኤሌክትሪክ የያዘው ያህል እስከ ትከሻው ይነዝረዋል። አንድ ቀን ሱሪ እየተኮሰ፣ "የተቃጠለ ነገር ይሸተኛል፣ መኪናሽን እዪው እስቲ" አላት ባለቤቱን። መኪናዋን አየች፣ ሶኬቱን አየች፣ እሱም ተነስቶ ጨርቁን ሁሉ አገላበጠ። የሚቃጠለው የራሱ ጣት ነበር፤ ካውያው ጎን ተለጥፎ። ሲያየው ወደ ጓሮ ወጣና በቁራጭ ጨርቅ ጠቀለለው። "መርፌ ወጋኝ" አላት ሲመለስ። ቁስሉ ሦስት ሳምንት አስቆጠረ። ሲድን ጣቷ ወደ መዳፉ መታጠፍ ጀመረች፤ ቢያቃናትም መልሳ ትታጠፋለች። ከዚያ ወዲህ ግራ እጁን ከኪሱ አያወጣም።

በሽታው ተመልሷል ብሎ ቆረጠ። ተመልሷል፣ ወረቀቱ ውሸት ሆኗል፣ አማቹም ከደጃፍ ወደማያልፍበት ዘመን ይመለሳል፣ ደንበኛም ልብሱን ሌላ ቦታ ይወስዳል፣ ያቺ "ቆማጣ" የምትል የድሮ ስድብም ከየጥጉ ትወጣለች። ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" የሚል በትልቁ ተጽፎ እንዳለ ያውቃል፤ ለሌላ በሽተኛም ጮክ ብሎ አንብቦለት ያውቃል። ሰው ለሌላው ሲሆን እንዴት አዋቂ ነው! ሁለት ጊዜ ጤና ጣቢያው በር ድረስ ሄዶ ተመለሰ። ሦስተኛውን ጊዜ አጥሩን አንድ ዙር ዞረና ሽንኩርት ገዝቶ ቤቱ ገባ። ሽንኩርቱን ማን እንዳዘዘው ባለቤቱ እስከ ዛሬ አልገባትም።

መሐል ላይ የትምህርት ቤቱ ሥራ መጣ። ዳይሬክተሯ ለአዳራሹ መድረክ መጋረጃ አዘዘች፤ ቀይ ከፋይ፣ ተለያይተው የሚንጠለጠሉ አሥር ቁራጮች፣ እያንዳንዳቸው ከጣሪያ እስከ ወለል። አናጢው ዘንጉን ሊሠራ፣ ጣቴ ሊቆርጥ፣ ባለቤቱ ገበሩን ልትሰፋ ተስማሙ። እንዲህ ያለ ሥራ በዓመት አንዴ ቢመጣ ነው፤ መድረክ ላይ የሚሰቀል ነገር ደግሞ አገር ያየዋል።

ከፋይ ጸጉር አለው። በአንድ አቅጣጫ ሲዳሰስ ይተኛል፣ በሌላው ሲዳሰስ ይቆማል፤ የተኛው ፈካ ብሎ፣ የቆመው ጠቆር ብሎ ይታያል። ስለዚህ አሥሩም ራስና እግራቸው በአንድ በኩል መሆን አለበት። ሌላው ልብስ ሰፊ እንዳይሳሳት ገና ሳይቆርጥ በጨርቁ ጀርባ በጠመኔ ቀስት ይስላል። ጣቴ ቀስት ስሎ አያውቅም። "ቀስት ለጀማሪ ነው፣ እኔ ጣት አለኝ" ይላል። ዘንድሮ እንኳን ጠመኔውን አንስቶ ነበር፤ ባለቤቱ ቀና ብላ ብታየው ምን ልትል ነው ብሎ መልሶ አስቀመጠው። ከጣቃው እየለካ ቆረጠ፣ እየተነሳ ወጣ፣ እየተመለሰ አጠፈ፣ አንዱን ከአንዱ ላይ ደረበ፤ ራስና እግሩ ተምታታበት። መስኮት በሌለው ክፍል፣ በአንዲት አምፖል ሥር፣ እያንዳንዱን በትንሿ ጣቱ ዳሰሰ። ጣቷ ምንም አልነገረችውም። እሱ ግን የነገረችው መስሎ፣ "ይሄ ራሱ ነው፣ ይሄ እግሩ ነው" እያለ እየለየ ሰጣት። ባለቤቱ የከፋዩን ፊት ወደ ውስጥ አጥፋ በጀርባው በኩል ገበሩን ሰፋችበት፣ ላይኛውን ማንጠልጠያ አስገባችለት። ባሏን አምናለች። ምን ታድርግ?

መጋረጃው የተሰቀለው ከሰዓት በኋላ ነው። አናጢው መሰላሉ ላይ ቆሞ አሥረኛውን ቁራጭ አንጠለጠለና ወረደ። ዳይሬክተሯ የአዳራሹን መስኮቶች አስከፈተች። ፀሐይዋ ገባች።

ስድስቱ ቀይ፣ አራቱ ጥቁር ቀይ ሆኑ። በተርታ ቢሆኑ እንኳ ደግ ነበር፤ አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ፣ ጥርሱ የወላለቀ አፍ መሰለ።

"ሁለት ዓይነት ጨርቅ ነው እንዴ የገዛችሁት?" አለች ዳይሬክተሯ።

"እኔ ሆን ተብሎ መስሎኝ ወድጄው ነበር" አለ አናጢው፣ ለማሳቅ። ማንም አልሳቀም።

ባለቤቱ ወደ መድረኩ ወጣች። አንዱን ቁራጭ ከላይ ወደ ታች ዳሰሰችው፣ ጎረቤቱንም ዳሰሰችው። ዘወር ብላ ባሏን አየችው። ጣቴ አዳራሹ መሐል ቆሞ ግራ እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ ከአንዱ እግሩ ወደ አንዱ እግሩ ይቁነጠነጥ ነበር።

"የአንድ ጣቃ ጨርቅ ነው እመቤቴ፤ አራቱ ተገልብጠው ነው" አለች ለዳይሬክተሯ። "ተርትረን ራሱን ወደ ታች አድርገን እንሰፋዋለን። እስከ ሳምንት ይደርሳል።" ከዚያ ወርዳ ባሏ ፊት ቆመች። "መጋረጃውስ ተገልብጦ ይሰፋል። አንተን የት ልገልብጥህ? እጅህን አምጣ።"

"ብርሃኑ አንሶኝ ነው።"

"ለሃያ ዓመት በዚያች አምፖል ሥር ነው የቆረጥከው። እጅህን አምጣ አልኩህ።"

"ጣቴ ደህና ናት።"

"ጨርቁ አልዋሸም፤ ያው ተሰቅሏል። ጣትህም አትዋሽም ስትል ነው የኖርከው። ታዲያ ማነው የዋሸው?"

ራሷ እጇን ኪሱ ውስጥ ከትታ እጁን አወጣችው። የታጠፈችውን ጣት ቀና አደረገቻት፤ ለቀቀቻት፤ ታጠፈች። በጎኗ ያለውን የካውያ ጠባሳ አየች። ፊቷ ቁጣ ብቻ ነበር። "ከመቼ ጀምሮ?" አለችው ቀስ ብላ።

ያኔ ነገሩ ወጣ። ሁሉንም ዘረገፈው፤ ወንበሩን፣ ሲጥታውን፣ "እዚህ" ማለቱን፣ አጥሩን መዞሩን። "ተመልሶብኛል" አለ በመጨረሻ።

አናጢው መሰላሉን አጥፎ ሊወስድ እዚያው ጎናቸው ቆሞ ነበር። ይህን ሲሰማ ወደ ኋላ ሸሸት አለ፤ ግማሽ እርምጃ፣ ከዚያ አይበልጥም። ጣቴ ግን ዕድሜ ልኩን ሲለካ የኖረ ሰው ነው፣ ግማሽ እርምጃ አያመልጠውም። እህትየዋም አየች። አናጢው ማየታቸውን አየና መሰላሉን እንደገና ዘርግቶ እንደገና አጠፈው።

በማግስቱ ጠዋት ባልና ሚስት ጤና ጣቢያ ተራ ያዙ። ጣቴ ሦስት ጊዜ ከአግዳሚው ተነሳ። አንዴ ውሃ፣ አንዴ ሽንት ቤት፣ ሦስተኛው ላይ ምክንያት አልቆበት ዝም ብሎ ተነሳ። ባለቤቱ የኮቱን ጫፍ ይዛ አስቀመጠችው፤ ከዚያ በኋላ ጫፉን አልለቀቀችም።

ሲስተሯ ካርዱን አውጥታ "ሁሉም ይሰማዋል" የሚለውን አነበበች፣ እጁን አየች፣ እንደገና ካርዱን አየች። ክርኑን ከውስጥ በኩል ጫን ስታደርገው ጣቴ ከወንበሩ ሊዘል ደረሰ።

"ተመልሶብኛል አይደል?" አላት።

"ማን ነው የሚመለሰው? ሞቷል እኮ። ጀርሙን ገድለኸዋል፤ በአንተ የተነሳ ማንም አይታመምም።"

"ይህንን ለወንድሜ ትጽፊልኛለሽ" አለች ባለቤቱ።

"እጽፋለሁ። አሁን የምታየው ሌላ ነው። ሌባው ሞቶ ሰፈሩ ገና 'ሌባ! ሌባ!' እያለ ይሯሯጣል እንበል። ሰውነትህ ከሬሳው ጋር ነው የሚጣላው። በግርግሩ መሐል የሚረገጠው ነርቩ ነው፤ ያብጣል፣ ይታፈናል፣ ይደነዝዛል። ቶሎ ከተደረሰበት እብጠቱን የሚያበርድ ኪኒን አለ። ስድስት ወር ካለፈው ግን ነርቩ ይሞታል፤ የሞተ ነርቭ ደግሞ አይነሳም። ስለዚህ በትክክል ንገረኝ፤ መደንዘዙ መቼ ጀመረህ?"

ጣቴ ጉልበቱ መንቀጥቀጡን ማቆም አቃተው። ባለፈው ወር ብሎ ሊላት ይችላል። ካርዱም ይመሰክርለታል። ባለቤቱ አሁንም ኮቱን ይዛለች።

"ሲስተር" አለ። "ወንበርሽን ቀይሪ።"

"ምን?"

"ይናገራል። ዘንበል ስትይ ሲጥ ይላል። ያን ቀን ያልኩሽን ሁሉ ያልኩት በወንበሩ ነው። ያኔም አይሰማኝም ነበር። አምስት ወር ከአንድ ሳምንት ሆነኝ።"

ሲስተሯ ወንበሯን አየች። ወደ ፊት ዘንበል አለች፤ ወንበሩ ሲጥ አለ። ወደ ኋላ ተመለሰች፤ እንደገና ዘንበል አለች፤ ሲጥ። ፊቷ ጠቆረ። "ስንቱን ሰው በዚህ ወንበር መረመርኩ?" አለች ለራሷ። ተነስታ ወንበሩን በእግሯ ገፍታ ጥግ አስያዘችው። "ያን ቀን ብትነግረኝ ኖሮ ወረቀቱን አልከለክልህም ነበር። ወረቀቱ የኪኒኑ ነው፣ የጣትህ አይደለም። በዚያው ቀን ይህን መድኃኒት እጀምርልህ ነበር፤ ይህኔ ጨርሰኸው ቤትህ ነህ።"

ይህች ነገር ከሁሉ በላይ አቃጠለችው። ለማይከለከለው ወረቀት ብሎ ጣቱን ሰጠ። ባለቤቱ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

"እና አሁን?" አለች።

"በሩ አልተዘጋም፤ ገርበብ ብሏል። ኪኒኑን ዛሬ ይጀምራል፣ ማታ ማታ እጁን የምታቃና ድጋፍ እናስርለታለን፣ በየሁለት ሳምንቱ ይመጣል። ይመለሳል ብዬ አልምልም፤ አይመለስም ብዬም አልምልም። መጀመሪያ ግን እውነቱን ልጻፍ። እጅህን ጠረጴዛው ላይ አድርግ። ዓይንህን ጨፍን።"

ጣቴ ዓይኑን ጨፈነ። ሲስተሯ ቆማ ነው፤ ድምፅ የለም። ከቀኝ እጁ ጀመረች። "እዚህ" አለ፣ "እዚህ"፣ "እዚህ"። ወደ ግራው ዞረች። አውራ ጣቱ ላይ "እዚህ"፤ ሌባ ጣቱ ላይ "እዚህ"፤ መሐል ጣቱ ላይ ትንሽ ዘግይቶ "እዚህ"። ከዚያ ዝም ሆነ። ኮሪደሩ ላይ ሰው ያስላል። የሆነ በር ተዘጋ። እስክትቀጥል ጠበቀ። ክሩ ወድቆባት እየፈለገች ይሆናል ብሎ አሰበ፤ ወይም የሆነ ነገር እየጻፈች ነው። ጉልበቱ እንደገና ተነሳበት።

"ቀጥይ እንጂ ሲስተር" አላት። "ውጭ ሰው እየጠበቀሽ ነው።"

"ጨርሻለሁ" አለችው።

ዓይኑን ገለጠ። ሲስተሯ ክሩን ይዛ ቆማለች። ባለቤቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች፣ የኮቱ ጫፍ ግን እጇ ላይ እንዳለ ነው።

"ስንት ጊዜ ነካሽኝ?"

"ሁለቱ ጣቶች ላይ ስምንት ጊዜ።"

ጣቴ እጁን አየ። የሰው እጅ ይመስል አገላብጦ አየው። "አንዴ ድገሚልኝ" አለ፤ "ሳልጨፍን።"

ደንቡ አልነበረም፤ ቢሆንም ሲስተሯ እምቢ አላለችውም። የክሩን ጫፍ በትንሿ ጣት አናት ላይ አሳርፋ ጫን አደረገችው። ጣቴ ክሩ ሲጎብጥ በዓይኑ በብሌኑ አየ። ጉልበቱ አልተንቀሳቀሰም። ባለቤቱም ዘወር ብላ ታየው ነበር፤ ሁለቱም ሴቶች እንዲናገር ጠበቁት።

እሱ ግን "እዚህ" አላለም። ሲስተሯ ካርዱን ወደ ራሷ ሳበች፣ የድሮውን ጽሑፍ ሰረዘች፣ ከሥሩ አዲሱን ጻፈች።